ነፋስ የማይሰማው ጉንጭ

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ጺማቸው ላይ ነው። በቀኝ በኩል አጥሮና እኩል ሆኖ ተከርክሟል፤ በግራ በኩል ግን አንድ የጣት አንጓ ያህል ረዝሞ፣ ጫፉ ተንጨብሮ፣ ከሌላ ሰው ፊት ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። ናሆዳ ላሊ ፋማው እንዲህ ሆነው የሚታዩ ሰው አልነበሩም። ሽርጣቸው ዘወትር የታጠበ፣ ቆባቸው ዘወትር ነጭ ነው። ጀልባቸውን ሙኒራን እንኳ ጭነት ባራገፈች ቁጥር ወለሏን አጥበው፣ ገመዷን ጠቅልለው፣ ሸራዋን አጣጥፈው ነው ወደ ቤት የሚገቡት። እኛ ላሙ ውስጥ ናሆዳ የምንለው የጀልባን መሪ የሚይዘውን ሰው ነው። እሳቸው መሪ ከያዙ ሠላሳ አራት ዓመት አልፏቸዋል።

ትምህርቴን ናይሮቢ ጨርሼ እዚሁ ደሴታችን ላይ ማስተማር ከጀመርሁ ገና ሦስተኛ ወሬ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጥተው በራችን ላይ ካለው የድንጋይ መደብ ተቀመጡና የእጅ ስልካቸውን ሰጡኝ።

«መምህር ሆነሃል አሉ። እንግዲህ የናይሮቢዎቹን ጥያቄ አንተ ትሞላልኛለህ። እስካሁን ርዕሰ መምህሩ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና።»

ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው፤ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ይመጣል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ጭንቅላታቸውን ከፍተው ኦፕራሲዮን ያደረጉላቸው ሐኪሞች፣ ሕመሙ ይመለስ አይመለስ እንደሆነ ዓመት በዓመት ይጠይቃሉ። ስልኩን ከፀሐይ ከልዬ ማንበብ ጀመርሁ።

«ባለፈው ዓመት የፊት ሕመም ነበረብዎት? አምስት መልስ አለው። አንድ፣ ምንም ሕመም የለም፣ መድኃኒትም አልወስድም። ሁለት...»

«አንድ በል።»

«ሌሎቹን ልጨርስልዎ እንጂ፣ ናሆዳ።»

«ሟቹ አያነቡልኝም ነበር። አንድ ነው።»

በዚያው ቅጽበት ከባሕሩ በኩል ነፋስ ወደ ጠባቡ መንገዳችን ገባ። ነፋስ ልበለው እንጂ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ጨርቅ ጫፍ እንኳ ያነሣ አይመስለኝም። የናሆዳ የግራ ዓይን ተጨፈነ። ከንፈራቸው በአንድ ወገን ወደ ላይ ተሰቅሎ ጥርሳቸው ታየ። እጃቸው ወደ ጉንጫቸው ተነሣ፤ ግን አልነካውም። አንድ ስንዝር ቀርቶት በአየር ላይ ቆመ፣ የጋለ ጀበና እንደሚከልል እጅ። እስከ አሥር የሚያስቆጥር ጊዜ እንዲያ ሆነው ቆዩ። ከዚያ እጁ ወረደ።

«አንድ ብለሃል?» አሉኝ።

«ናሆዳ፣ ጺምዎ...»

«ጺሜ ምን ሆነ?»

«በግራ በኩል ረዝሟል።»

ትክ ብለው አዩኝ። «የተማርከው ምን ነበር ብለኸኛል?»

«ሥነ ጽሑፍ።»

«እኔ ደግሞ ፀጉር አስተካካይነት መስሎኝ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንድ ብለህ ጻፍ፣ ልጄ» አሉኝ።

ጻፍሁ።

የዚህን ሕመም ታሪክ በአንድ ቀን አልሰማሁትም። ጥቂቱን ከራሳቸው፣ ጥቂቱን ከባለቤታቸው ከምዋና ኤሻ፣ የቀረውን ሙኒራ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ገመድ ከያዘው ከሼ ኩፒ ነው የለቀምሁት። ሼ ኩፒ ከናሆዳ ብዙ አያንስም፤ ግን ቀልደኛ ስለሆነ ሕፃኑም ሽማግሌውም አንተ ይለዋል።

ሕመሙ የጀመራቸው አርባ ስድስት ዓመታቸው ላይ፣ ፊታቸውን ሲታጠቡ ነው። የጥርስ መስሏቸው ሁለት ደህና ጥርሶች አስነቀሉ። ነቃዩ ሦስተኛውን ሲይዝ ሼ ኩፒ ከበሩ ቆሞ፣ «እሱን እንኳ ተውለት፣ ዓሣውን በምን ይብላው?» ብሎ አስጣለው ይባላል። ውሃ ወይም ምላጭ ሲነካቸው፣ ሲያኝኩ፣ ሰው ሰላም ሲሉ ይመጣባቸዋል። ከሁሉም ይልቅ ግን ነፋስ ሲነካቸው። ኋላ የናይሮቢዋ ሐኪም፣ ዶክተር ሙሶካ፣ ምክንያቱን ስትነግረኝ ለብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልጠፋም። ራስ ቅላቸው ውስጥ አንዲት ቀጭን የደም ሥር ቦታዋን ስታ፣ የፊትን ስሜት ወደ አንጎል በሚያደርሰው ነርቭ ላይ ተኝታለች። ልብ በመታ ቁጥር ሥሯ ትነሣለች፤ በተነሣች ቁጥር ነርቩን ትጎስማለች። የሰው ልብ የገዛ ባለቤቱን ፊት ዓመታት ሙሉ ሲደበድብ ይኖራል ብሎ ማን ያስባል?

አሁን የምነግራችሁ ነገር ባሕር ላይ ያልሠራ ሰው ሳይገርመው አይቀርም። በእኛ ጀልባዎች ላይ ገመድ የሚይዙት ሰዎች ሸራውን አያዩም፤ ናሆዳውን ነው የሚያዩት። እሱ ከኋላ መሪው ዘንድ ይቀመጣል፤ እነሱ ከመሐል ሆነው ፊታቸውን ወደ እሱ ያዞራሉ። ነፋሱ ሲበረታ ጩኸት አይሰማም፤ ስለዚህ ሁሉ ነገር በፊት ነው። ቅንድብ ከፍ ካለ ገመድ ይጠብቃል፤ አገጭ ከዞረ ይላላል። ናሆዳው ደግሞ ነፋሱን የሚያውቀው በጉንጩ ነው። ጣቱን በምራቅ አርሶ ወደ ላይ ቀስሮ ነፋስ የሚለካ ሰው እዚህ ይሳቅበታል፤ የሆቴል እንግዳ ነው የሚባለው።

ናሆዳ ላሊ ሲታመሙ ታዲያ ባልደረቦቻቸው አንድ ነገር አስተዋሉ። ኃይለኛ ነፋስ ከመምጣቱ በፊት አንዲት ቀጭን ትንፋሽ ትቀድመዋለች፤ ደህና ሰው ልብ አይላትም። የእሳቸውን ጉንጭ ግን ያቺ ትንፋሽ ስትነካው ፊታቸው ይጨመደዳል። ፊታቸው በተጨመደደ ቁጥር ነፋሱ እየተከተለ ነው። ሰዎቹ ቅንድብና አገጭ መጠበቁን ተዉት። ሕመሙን ማንበብ ጀመሩ። በዚያ ዘመን ሙኒራ በመውሊድ የጀልባ ውድድር ሦስት ዓመት በተከታታይ አንደኛ ወጣች። ሰው ሁሉ ናሆዳ ላሊን አደነቀ፤ እሳቸውም በልምዳቸው ያሸነፉ መሰላቸው።

ኪኒን ሲሰጣቸው ሕመሙ ጋብ አለ፤ እንቅልፉ ግን በመሪው ላይ ይጥላቸው ጀመር። አንድ ጠዋት ሙኒራን ከነጭነቷ ፓቴ አጠገብ አሸዋ ላይ አወጧት። «ናሆዳ ላሊ አሸዋ አገቡ» እየተባለ አንድ ወቅት ሙሉ ተሳቀባቸው፤ ጭነት የሚሰጣቸውም ጠፋ። ያኔ ነው ናይሮቢ የሄዱት። ዶክተር ሙሶካ ከጆሯቸው ኋላ የሳንቲም ስፋት ያላት ቀዳዳ ከፈተች፤ የደም ሥሯን ከነርቩ ላይ ቀስ አድርጋ አነሣች፤ እንዳትመለስም እንደ ጥጥ ያለች ቁራጭ በመሐላቸው አኖረች። ሲነቁ የመጀመሪያ ቃላቸው፣ «መስኮቱን ክፈቱልኝ» የሚል ነበር። ነፋሱ ገባ፣ ጉንጫቸውን ነካ፣ አለፈ። ነፋስ ብቻ ነበር። ምዋና ኤሻ ስትነግረኝ፣ «ልጅ ስንወልድ ያላለቀሰ ሰው በመስኮት አለቀሰ» ብላኛለች።

ሐኪሟ ያን ቀን፣ «ብዙዎቹ ድነው ይቀራሉ፤ አንዳንዶቹ ላይ ከዓመታት በኋላ ይመለሳል፤ ማን ላይ እንደሚመለስ አስቀድመን አናውቅም» ብላ ነበር። እሳቸው የሰሙት የመጀመሪያውን ክፍል ነው። ላሙ ሲገቡ ፍየል አርደው ሰፈሩን ጠሩ፤ ዱዓ ተደረገ፤ ከምግቡ በኋላም ቆመው በሰው ሁሉ ፊት፣ «ያ ነገር ሄዷል» አሉ። እንዲህ ያሉበትን ነገር ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ተመልሷል ብሎ ለመናገር አፍ ያስፈልጋል። መሪው ይወሰድብኛል ብለው ፈሩ። ኪኒኑንም፣ ሳቁንም፣ አሸዋውንም ፈሩ። ስለዚህ ጺማቸው ረዘመ፤ መልሱም አንድ ሆነ።

እኔ ጥር ላይ የፈተና ወረቀት ለማምጣት ወደ ኪዚንጊቲኒ በሙኒራ ተሳፈርሁ። ስንመለስ ካስካዚ፣ ማለት የበጋው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ፣ ከኋላችን ነበር፤ ወደ ደቡብ ሲወርዱ በግራ ትከሻ በኩል ይመጣል። ሰዎቹ ዓሣና የኮኮናት ሩዝ ሲበሉ ናሆዳ ከአንድ ኩባያ ቀጭን አጥሚት በቀኝ የአፋቸው ጥግ ይመጥጣሉ። ሼ ኩፒ በክርኑ ጎሸመኝ።

«መምህር፣ ባሕሩን አትይ። እሱን እይ።»

አየሁ። ናሆዳ ዓይናቸው ተጨፈነ፤ ከንፈራቸው ተሰቀለ። ሼ ኩፒ ወዲያው ገመዱን አላላ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ያህል ቆይቶ ከኋላችን ያለው ውሃ ጠቆረ፤ ነፋሱ ደርሶ ሸራውን ሞላው፤ ሙኒራ እንደ ተገፋች ሳይሆን እንደ ተጠራች ወደፊት ሄደች። እውነቱን ልናገር፣ ያኔ ደስ አለኝ። እንዲህ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። ቆይቶ ነው ምን እንዳየሁ የገባኝ።

«ይኸ ለኛ ጀልባ ብቻ የተሰጠ ነው» አለ ሼ ኩፒ በሹክሹክታ።

«እሳቸው ያውቃሉ?»

«ማን? ላሊ? ብትነግረው ፊቱን በፎጣ ጠምጥሞ ይቀመጣል። አፍህን ያዝ።»

«አጎቴ ሼ፣ ታመዋል እኮ።»

«አውቃለሁ መታመሙን፤ ሚስቱ ሳታውቅ ነው ያወቅሁት።» ገመዱን እጁ ላይ አዞረው። «ብናገር ኪኒን ይሰጡታል፤ ኪኒኑ አሸዋ ላይ ያወጣናል። እሱም ዝም፣ እኔም ዝም። ስንት ትዳር በዚህ ይኖር የለም?»

እኔም አፌን ያዝሁ።

ምዋና ኤሻ የካቲት ላይ ደረሰችበት። የደረሰችበት በትራስ ነው፤ በግራ በኩል መተኛት ትተው፣ ኋላም ጭራሽ መተኛት ትተው ግድግዳ ተደግፈው ያነጋሉ። በጠዋቱ ድምፅዋ እስከ መንገዱ ይሰማ ነበር።

«ሠላሳ ዓመት ከሙኒራ ጋር ተካፍዬሃለሁ፣ አንድ ቀን አልተነፈስሁም። አሁን ሕመምህን እንኳ ለሷ ብቻ ነው የምታሳየው?»

«ቀስ በይ፣ ኤሻ። ሰው ይሰማል።»

«ይስማ። ፍየል የበላው ሁሉ ይስማ።»

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ውሃ እንኳ መዋጥ አቃታቸው። ምራቃቸውን በጨርቅ ያብሳሉ፤ መናገር ስለማይችሉ በጣት ያመለክታሉ። በሦስተኛው ቀን ሻንጣውን ራሷ አዘጋጀች። እኔንም አስጠሩኝ። በወረቀት ላይ፣ «ውሸቱን የጻፍከው አንተ ነህ፤ አብረን ሄደን እናስረዳ» ብለው ጽፈው አሳዩኝ። ሕመም ላይ ሆነው መቀለዳቸው ከሁሉ የበለጠ ልቤን ነካው።

ዶክተር ሙሶካ ፀጉሯ ሸብቷል። መዝገቡን ገልጣ አሥራ አንዱን መልስ አንድ በአንድ አየች፤ ሁሉም አንድ ነው። እነዚህን መልሶች ለሌሎች ሐኪሞች ስታሳይ እንደኖረች ከፊቷ ያስታውቃል።

«ዘጠኙ እውነት ነው» አሉ ናሆዳ፣ መርፌ ተወግተው ትንሽ ሲሻላቸው። «የመጨረሻዎቹን ሁለት ተያቸው።»

አልተቆጣችም። ያንኑ ቦታ እንደገና መክፈት እንደሚቻል፣ ግን የድሮው ጠባሳ ሁሉን ነገር አጣብቆ እንደያዘው፣ ልባቸውም እንደ ድሮው እንዳልሆነ ነገረቻቸው። ሌላው መንገድ ቀላል ነው፤ በጉንጭ በኩል ረጅም መርፌ አስገብቶ ነርቩን በሙቀት ማቃጠል። ሕመሙ ይጠፋል። የግራ ፊታቸው ግን ይደነዝዛል። በጣም ጥቂት ሰዎች ላይ ደግሞ የደነዘዘው ፊት ራሱ በሌላ ዓይነት ሕመም ይነድዳል፤ ለሱ መድኃኒት የለውም።

ናሆዳ፣ «ነፋሱስ?» አሉ።

«የምን ነፋስ?»

«ጉንጬ ላይ የሚነፍሰው።»

«እሱም አይሰማዎትም። እንግዲህ ነፋስ ዳግመኛ አያምዎትም» አለች ሐኪሟ፣ የምሥራች እንደሚነግር ሰው በለሰለሰ ድምፅ።

ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ሰዎችዎ ሸራውን አያዩም፣ አገጭዎንም መጠበቅ ትተዋል፣ የሚያነቡት ሕመምዎን ነው ማለት ነበረብኝ። ግን ሦስት ቀን ሙሉ ምራቁን መዋጥ ያቃተውን ሰው አይቻለሁ። ሕመምዎ ለጀልባዋ ይጠቅማል ብዬ እንዴት አፌን እከፍታለሁ? 

«አንድ ጉንጭ ይቀረኛል» አሉ ናሆዳ። «ብዙ ሰው በአንድ ዓይን ይኖራል።»

ከመርፌው በኋላ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ጺማቸውን መከርከም ነው። ሁለቱም ወገን እኩል ሆነ። አራት ቦታ ተቆርጠው ደሙ በነጭ ቀሚሳቸው አንገት ላይ ይወርድ ነበር፤ አላወቁም። ምሳ ላይ የሩዝ ፍሬ ከከንፈራቸው ጥግ ተጣብቃ ትቀራለች፤ ምዋና ኤሻ ምንም ሳትናገር በጣቷ ጫፍ ታነሣላቸዋለች። ያቺን ጣት አያት ነበር። ሴትየዋ ባሏን ጉንጩ ላይ ትነካዋለች፤ እሱ አያውቅም።

ሆኖም በዚያ ሳምንት ይስቁ ነበር። ሙሉ ዓሣ በልተው አጥንቱን ቆጠሩ። መንገድ ላይ ሰው ሁሉ ቆመው ሰላም አሉ፣ እንደ ልማዳችን ረጅሙን ሰላምታ፣ ቤቱን፣ ልጆቹን፣ ባሕሩን እየጠየቁ። ሁለት ዓመት አፋቸውን ቆጥበው ኖረዋልና ቃል ሁሉ ጣፈጣቸው።

መጋቢት ሲጋመስ ከኪዩንጋ የማንግሮቭ አጠና ጭነው ሲመለሱ የሆነውን ከናሆዳም ከሼ ኩፒም አፍ ሰምቻለሁ፤ አንዱ ካንዱ አይለይም። ካስካዚ እያለቀ ነው፤ ነፋሱ ይዘባርቃል። ከኋላ፣ በግራ ትከሻ በኩል እየነፈሰ ሳለ ከየብስ በኩል ሌላ ነፋስ ተነሣ። የግራ ጉንጫቸው ቢሰማ ኖሮ የመጀመሪያው ነፋስ እየለቀቀ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ መሸሹንም ነበር እኮ የሚያውቀው። አልሰማም። ሼ ኩፒ ገመዱን እጁ ላይ ጠምጥሞ ፊታቸውን ያያል። ፊታቸው ሰላም ነው። እንደዚያ ቀን ሰላም ሆኖ አያውቅም። ነፋስ የለም ማለት ነው ብሎ ተቀመጠ። የቀኝ ጉንጫቸው ሲሰማው ሸራው ቀድሞ ሰምቶ ነበር። ሸራው በአንድ ጊዜ ተገልብጦ ምሰሶው ላይ ተለጠፈ፤ ሸራውን የተሸከመው ረጅሙ እንጨት ተሰብሮ ጉማጁ ሼ ኩፒ ትከሻ ላይ ወረደ። እጁ ገመዱ ውስጥ ነበር።

ሦስት ሳምንት ሞምባሳ ሆስፒታል ተኝቶ ሲመለስ የቀኝ ክንዱ ከትከሻው በታች ዝም ብሎ ይንጠለጠል ነበር። ናሆዳ ሊጠይቁት ሲሄዱ እኔም አብሬ ሄድሁ። ናሆዳ ከአልጋው እግር ዘንድ ተቀመጡ። 

«አልጠራሁህም» አሉ ናሆዳ። «አልሰማሁትም፣ ሼ። ብሰማው እጠራህ ነበር።»

«ዱሮስ መቼ ጠርተኸኝ ታውቃለህ?»

«እንዴት?»

ሼ ኩፒ እኔን አየኝ፤ ከዚያ ጣሪያውን። «ላሊ፣ አንተ ስትጠራ ማን ሰምቶህ ያውቃል? ፊትህን ነበር የምናየው። ሲያምህ ነፋስ መጣ እንላለን። በፊትም፣ አሁን በኋላም። ያ ሁሉ ውድድር... እንዲያው የአንተ ሕመም ነው የነዳን።»

ናሆዳ እጃቸውን ወደ ግራ ጉንጫቸው አነሡ።

«መንገር ነበረብን» አለ ሼ ኩፒ። «ግን ምን ብዬ? ሲያምህ ደስ ይለናል ልበልህ?»

«መምህሩም ያውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አልሁ።

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በቁጣ አልነበረም። አንድ ሰው የጠየቀው ዕቃ ሱቁ ውስጥ እንደሌለ ሲነገረው እንደሚነቀንቀው ያህል ነው። ከዚያ የሼ ኩፒን የማይሠራ እጅ አንሥተው በጉልበታቸው ላይ አኖሩት፤ እስክንነሣ ድረስ እንደያዙት ነበሩ። አንዱ የማይሰማው ጉንጭ፣ አንዱ የማይሰማው እጅ። ሁለቱ ሲተያዩ እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ሙኒራ ከዚያ ወዲህ ማቶንዶኒ ዳርቻ አሸዋ ላይ ናት። ሳንቃዎቿ በፀሐይ ደርቀው በመሐላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተከፍቷል። መሪውን የሚይዝላቸው ሰው አልፈለጉም፤ ራሳቸውም አልያዙትም። በሰኔ ደግሞ ሐኪሟ በጣም ጥቂት ሰዎች ላይ ይደርሳል ያለችው ነገር ደረሰባቸው። በመጀመሪያ ጉንዳን ይመስል ነበር። ከዚያ ፍም። ፊታቸውን በመርፌ ቢወጉት አያውቁም፤ ግን ቀንም ሌትም ይነድዳል። ያ የድሮው ሕመም ይመጣል፣ ይሄዳል፤ በመሐል ሰው ይተነፍሳል። ይኸኛው አይሄድም።

«የት ላይ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው አንድ ቀን።

«እዚህ» አሉና የግራ ጉንጫቸውን ነኩ። ቀጥለው ጣታቸውን አዩት፤ እንደገና ነኩ። «እዚህ ነው፤ ግን እዚህ የለም» አሉ።

ትናንት የዓመቱ ጥያቄ መጣ። በዚያው የድንጋይ መደብ ላይ ተቀመጡ። ጺማቸው በሁለቱም ወገን አድጓል፤ እኩል ነው፤ እኩል መሆኑ አስፈራኝ። ስልኩን ከልዬ አነበብሁ።

«ከመጨረሻው ሕክምና ወዲህ እንደ ኤሌክትሪክ የሚወጋ የፊት ሕመም ነበረብዎት?»

«የለም። አንድ በል። ዘንድሮ እውነት ነው።»

«የመደንዘዝ ስሜት አለ?»

«አለ።»

«የሚነድደውንስ የት ልጻፈው? ለሱ አንዲት አጭር ቦታ ብቻ ነው ያለችው።»

«ስንት ቃል ትይዛለች?»

«አራት፣ አምስት።»

«እንግዲያ ተዋት።»

«በሕክምናው ረክተዋል ወይ ይላል።»

«ሴትየዋ ደግ ናት። ረክቷል በል።»

የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ደረስሁ። «ዛሬ ቢሆን፣ ያንኑ ሕክምና እንደገና ይመርጡ ነበር?»

ቀና ብለው አዩኝ። ነጩ ቆባቸው ጠርዙ ላይ ላብ ይዞ ቢጫ ሆኗል፤ ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

«ሼ ኩፒን የሚጠይቅበት ቦታ አለው?»

ስልኩን እስከ ታች አወረድሁት። «የለውም።»

«እንግዲያ ባዶ ይሁን።»

«ባዶ አይቀበልም፣ ናሆዳ። አዎ ወይም አይደለም ካልተባለ አይሄድም።»

«አይሂድ» አሉ። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ፤ ቤተሰቡን ሰላም በልልኝ አሉኝ፤ መንገዱን ወደ ታች ያዙ።

መንገዱ ከባሕሩ ጋር የሚገናኝበት ጥግ ላይ ሁልጊዜ ነፋስ አለ። እኔ እዚያ መደብ ላይ ሆኜ እንኳ ፊቴ ላይ ተሰማኝ፤ ኩሲ፣ ማለት የክረምቱ የደቡብ ነፋስ፣ ነው፤ እርጥብ ነው፤ የዝናብ ሽታ አለው። የሽርጣቸው ጫፍ ተነሣ። ቆሙ። ግራና ቀኝ አዩ፣ ሰው እንዳያያቸው። ከዚያ ናሆዳ ላሊ ፋማው አመልካች ጣታቸውን ወደ አፋቸው አስገብተው በምራቅ አረሱና፣ ከራሳቸው በላይ ቀስረው ጥቂት ያዙት። ጣታቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ፤ ወደ ባሕሩ ሳይሆን ወደ ቤታቸው በሚወስደው በኩል ታጠፉና ሄዱ።